አሥራ ሦስተኛው ፈተና

በአገሩ ሰማይ አሥራ አንድ ዓመት ያበረረው ካፒቴን ቪየና ሲደርስ፣ «ይኼ የበረራ ፈቃድ እዚህ አይሠራም» ተባለ። የአውሮፓውን ለማግኘት አሥራ ሦስት ፈተና፣ እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ መፈተን ነበረበት። አሥራ ሁለቱን አለፈ። አሥራ ሦስተኛው ግን አራት ጊዜ ጣለው፤ አራቴ የወደቀ ደግሞ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ውጤቱን ባየበት ቀን እህቱ እማዋይሽ ካገር ቤት ደወለች።

«እማዬስ?» አላት፣ እንደ ወትሮው።

«ጸበል ናት አልኩህ እኮ! እዚያ ስልክ አይገባም። ይልቅ ፈተናው እንዴት ሆነ?»

እናቱ ታማ ጸበል ከገባች ወራት አልፈዋል። ጸበሉ ያላሻራትን ደስታ ቢያሽራትስ ብሎ አሰበ።

«አልፌያለሁ። ጨረስኩ በያት» አለ።

እህቱ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የደስታ እንባ መስሎት እሱም አብሯት አለቀሰ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት፣ የከተማው ሐበሾች ደረጃውን ሞልተውታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ውብሸት ቀረብ ብለው ትከሻውን ያዙት።

«አይዞህ ልጄ፤ እናትህ ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው» አሉት። «‹ፈተናውን ሳያልፍ እንዳትነግሩት› ብለው አደራ ጥለው ነበር። ይኸው፣ አደራቸውን ጠበቅን።»