በሽያጩ የተገኙት

ጥር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል እኔ አንተነህና ቴፕ ሊሸጥልኝ ከደጀን የመጣው ገዳሙ ተገኘን። ገዳሙን የማውቀው አሮጌ ቴፕ በምንገበያይበት የፌስቡክ ግሩፕ ብቻ ነው። ቴፕ የፈለግሁት ሦስት ዓመት እንግዳ ያልገባባት ክፍሌ ድምፅ እንዲኖራት ነበር። በግሩፑ ደንብ፣ ቴፑ መሥራቱ እንዲታይ፣ በሽያጩ የተገኙት ሰዎች ከክፍያ በፊት ስማቸውን ቀድተውበት አብረው ያዳምጣሉ።

«ጮክ በል እንጂ! ስትጽፍ እንዲህ አታፍርም» አለኝ ገዳሙ።

«አንተነህና ገዳሙ ነን፤ ሌላ ሰው የለም» ብዬ ቀዳሁ።

ስናዳምጠው ከእኔ ድምፅ ቀጥሎ አንዲት ሴት በቀስታ «እኔስ?» አለች።

ገዳሙ ቴፑን አጠፋው። «እኔ ቤት እንዲህ ብሎ አያውቅም» አለና ክፍሌን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ይዤው ልመለስ?»

«ተወው፤ እወስደዋለሁ።»

ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ። በሩን ዘግቼ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስሁና «ሁለት ነን» ብዬ ቀዳሁ።