የበርጩማው ልባስ

«አውርዱት አልኩ!» ተቆጣጣሪው በምሳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን ቀይ ጨርቅ በእስክሪብቶው ይጠቁማል። «እንግዶች እየመጡ ነው። ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?»

ማንም አልተነሳም። የክር ካርቶን እንደ ከበሮ ስትደልቅ የነበረችው ልብስ ተኳሽ እጇን ካርቶኑ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች፤ ዘፈኑም ግማሽ ላይ ተቋረጠ።

የቆመችው እትዬ መርፌ ብቻ ናት። በዚህ ስፌት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። ስሙን ያወጡላት ለቅጥነቷ ይሁን ለምላሷ እስካሁን አልለየም።

«የወር አበባችንን በዓል እያከበርን ነው። ቀረብ ብለው ይዩት እንጂ፤ እያንዳንዷ የራሷን ቁራጭ ሰፍታ ነው ያመጣችው። ያቺ በመጀመሪያ ቀኗ የለበሰችውን የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ፣ ያቺ ከእህቷ ጋር ለሁለት ቀደው የተካፈሉትን አንሶላ...»

«በዓል?» ሳቀ። «ነውር እኮ ነው፣ እትዬ! ይሄ አደባባይ ይሰቀላል?»

ነውር! ለአርባ ሴት ያለው አንድ ቢጫ ካርድ ነው፤ ያንን ካርድ በእጇ ያልያዘች ወደ መጸዳጃ ቤት አትሄድም። ከሦስት ሳምንት በፊት ካርዱ ሌላ ሴት ጋ ነበር። ትንሿ የሚሏት የሁሉም ታናሽ ጠበቀች፤ ተቆጣጣሪውን ሁለት ጊዜ ለመነችው። ሦስተኛ መለመን አላስፈለጋትም። እሱ ግን የተቀመጠችበትን፣ ልባሱን ደም የነካውን በርጩማ በሁሉም ፊት ከፍ አድርጎ «ይሄን ማን ሊያጥበው ነው?» አለ። ሴቶቹ አቀረቀሩ። እትዬ መርፌም አቀረቀረች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ትንሿ ሥራውን ልትተው ስትል «በዓሉን ብቻ እይው፣ ከዚያ እንዳሻሽ» ብላ የመለሰቻት እሷ ናት። አሁን ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጨርቁ ከወረደ ነገ እንደማትመጣ ከፊቷ ይነበባል።

«እስከ ዛሬ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ የልጄን እኩያ!» አለች እትዬ መርፌ። «ነውሩን እኔ ልንገርህ? ነውሩ አርባ ሴት ለአንድ ካርድ ማሰለፍህ ነው። ነውሩ ያቺን ልጅ ማዋረድህ ነው። አንተስ በምን መጣህ? ከሰማይ ዱብ ያልክ መሰለህ?»

ከኋላ በኩል የአንዷ ሳቅ አመለጣት። የተቆጣጣሪው ፊት ተለዋወጠ።

«በቃ! እኔው አወርደዋለሁ!»

ተንደርድሮ የጨርቁን መሃል ጨበጠ፤ ጨብጦም ቆመ። መሃሉ ላይ ያለው ቁራጭ የዚያ በርጩማ ልባስ ነው፤ እድፉ አልታጠበም። እድፉ ላይ ደግሞ ቢጫው ካርድ ተሰፍቷል፣ ልክ ቁልፍ እንደሚተከለው፣ በድርብ ክር። ጎተተው። እትዬ መርፌ የተከለችው ቁልፍ ደግሞ ሸሚዙ ቢያልቅም አይነቀልም።

«መቀስ ስጡኝ!»

ከአርባ አንገት ላይ አርባ የክር መቀስ ተንጠልጥሏል። እትዬ መርፌ ዞር ብላ ለማየት ፈራች። ዛሬም ያቀረቅሩ ይሆን? ዞራ ስታይ ሁሉም ቀና ብለው እሱን ያያሉ፤ መቀሱን የነካች የለችም።

«አልሰማችሁም? መቀስ!»

ወንበር ተንቋቋ። ትንሿ ብድግ አለች፤ ቦርሳዋንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መጸዳጃ ቤት ደርሼ መጣሁ፣ እትዬ።»

በተቆጣጣሪው ፊት ለፊት አልፋ፣ ሁለት ባዶ እጆቿን እያወዛወዘች፣ ሳትቸኩል ወጣች። ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ።