የኬሌፒ ጨርቅ

ሲሊያ መውቂያዋን አንስታ ግንዱ ላይ የተዘረጋውን የሂያፖ ልጥ ትመታለች። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። ልጡ እየሳሳ እንደ ጨርቅ ይሰፋል፤ በሰፋ ቁጥር ግን ቀዳዳው አብሮ ይሰፋል።

«ክንድሽ ሰንፏል! እንዲህ እየመታሽ ትንኝም አትገድዪ» ይላል ባሏ ኬሌፒ፣ ከውስጥ ከተኛበት ምንጣፍ።

«አርፈህ ተኛ! ለማን የምለፋ መሰለህ?»

«ለእኔ ነዋ። መቃብሬ ውስጥ ልታነጥፊው።» ሳቁን ሳል ይነጥቀዋል።

ሂያፖ ቀጭን ዛፍ ናት። ለጋ ሳለች በየጎኗ የሚያቆጠቁጠውን ካልቀነጠሱላት፣ ቅርንጫፍ በወጣበት ሁሉ ልጧ ይበሳል። ይህን የማታውቅ የቶንጋ ደሴቶች ሴት የለችም። ሲሊያ ግን ዓመቱን ሙሉ ባሏን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ማሳዋን ማን አየላት? የነበራትንም ጨርቅ ለወንድሙ ቀብር ሰጥታለች። ሚስት ያለው ሰው ደግሞ በተውሶ ጨርቅ አይቀበርም።

ጎረቤቷ ላቪኒያ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ በአጥሩ በኩል ትመጣለች። ጨርቁን ታነሳና በቀዳዳው ታጮልቃለች።

«እቴ፣ ይሄ መገነዣ ነው የዓሣ መረብ?»

«እጥፈዋለሁ።»

«ጣፊው፤ ብቻ ፍጠኚ።» ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «አንዴ ካረፈ መውቂያ አይነሳም። እስኪቀበር ድረስ ሰፈሩ ጭጭ ነው።»

«ላቪኒያ! ጆሮዬ አልሞተም እኮ!» ይላል ኬሌፒ።

«ያንተ ጆሮማ ካንተ በኋላ ሳምንት ይከርማል!» ብላ ትመልስና ዓይኗን እየጠረገች ትሄዳለች።

ሲሊያ የመጨረሻውን ልጥ ትዘረጋለች። «ድምፁ ረበሸህ? ልተወው?»

«አትተዪው» ይላል፣ ቀስ ብሎ። «ዝም ስትዪ የሞትኩ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።»

ትመታለች። ልጡ እየሳሳ ይሄዳል፤ በብርሃን ታየዋለች። ንጹሕ ነው።

«ኬሌፒ፣ ይሄኛው አንድም ቀዳዳ የለውም!»

ጆሮዋን ወደ ውስጥ ታቀናለች።

«ሰማኸኝ?»

ሳሉም የለም። የበሩን መጋረጃ ነፋስ ገልጦ ይመልሰዋል።

ልጡ አልቋል፤ ከዚህ በላይ መመታት የለበትም። ሲሊያ ወደ በሩ አትዞርም። መውቂያዋን ታነሳለች። ቶክ፣ ቶክ። ከአጥሩ ማዶ ላቪኒያ ስሟን ትጠራለች። ቶክ፣ ቶክ። ንጹሑ ልጥ መሃሉ ላይ ይበሳል፤ መውቂያው ባዶውን ግንድ መምታት ይጀምራል።