ለዘበኛው የተገዛው ካርድ

ካርዱ ቀያሹ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ከቀያሹ ቀጥሎ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ቀጥሎ እሷ ናት፤ የመጨረሻዋ።

እትዬ መዝገብ ፋይል የምታገላብጥ መስላ በዓይኗ ጠርዝ ትከታተለዋለች። ስሙን ያወጡላት የቢሮው ልጆች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የግንባታ ፈቃድ ፋይሎችን ስትጠብቅ ኖራ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም የደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል።

ኃላፊው ካርዱን ራሱ ገዝቶ ራሱ ያዞራል። "ጋሼ ዘበኛችን ጡረታ ሊወጡ ነው" ይላል። "ፊርማ ብቻ አልቀበልም። እያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት መስመር፣ በእጃችሁ፣ ከልባችሁ።"

እንግዲህ ይህ ሰው ሽማግሌው በር ሲከፍቱለት አንድ ቀን እንኳ "እንደምን አደሩ" ብሎ አያውቅም። አምና ሦስት ሳምንት ታመው ሲተኙ "በሩ ላይ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?" ብሎ የጠየቀው ድነው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ያውም ራሳቸውን። ታዲያ ይህ ፍቅር ዛሬ ከየት መጣ? ካልጠረጠሩ ይመነጠሩ።

የምትጠረጥርበትንም አታጣውም። ከወር በፊት ከአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ፋይል ውስጥ አንድ ገጽ ተለውጦ አገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም። እሷ ግን ፋይል ስትከፍት ከጽሑፉ በፊት የምታየው የስቴፕለሩን ቀዳዳ ነው። ፋይሉ አንድ ጊዜ ተፈትቶ እንደገና በመመታቱ ገጹ ሁሉ አራት አራት ቀዳዳ አለው፤ "ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው" የሚለው ገጽ ግን ሁለት ብቻ። የቀድሞውን ገጽ በገዛ እጇ አስገብታዋለች። ምሰሶዎቹ ተሰንጥቀዋል፣ ሰው አይግባበት ይል ነበር። አሁን ሰው ገብቶ፣ በየሰገነቱ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶበታል።

እናም ለፀረ ሙስና ክፍሉ ጻፈች። ማተሚያው ማን ምን እንዳተመ ስለሚመዘግብ በእጇ ጻፈች፤ ስሟን ግን አላሰፈረችም። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት ከፊርማ በቀር በእጅ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ጽሑፌን ማን ያውቀዋል ብላ ተማመነች።

ትናንት ጸሐፊዋ ሻይ ክበብ ውስጥ ጠጋ አለቻትና "እትዬ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አየሁ። የማን ይመስልሻል?" አለቻት።

"እኔ ምን አውቄ" አለች እትዬ መዝገብ። ሻዩ ትን አላት። ለፀረ ሙስና የተላከው እንዴት ተመልሶ እሱ እጅ ገባ? ልጅቷ ይህን ለእሷ የነገረቻት ለምንድን ነው? ልታወጣጣት ይሆን? ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካርድ ተገዛ ተባለ። ይህን እንደሰማች መጸዳጃ ቤት ገብታ ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቀለለች።

ቀያሹ ከካርዱ ላይ ቀና ይላል። "እትዬ፣ እጅሽን ምን ነካው?"

"ምድጃ አቃጠለኝ" ትላለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

"ስትገቢ ደህና አልነበረም እንዴ?"

"ቃጠሎ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።"

"ይህስ ምድጃ አይጣል ነው። ከቤት ተነስቶ ቢሮ ድረስ ያቃጥላል።" ተመልሶ ያቀረቅራል። ካርዱን በክንዱ ከልሎታል፤ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ። ምን እየጻፈ ነው? ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ይዛ ስትገባ መንገድ ላይ ያገኛት እሱ አልነበረም? ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ምርቃትስ ምን ዓይነት ነው?

ጸሐፊዋም ትቆያለች። ዞር ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች።

በመጨረሻ ኃላፊው ካርዱን አምጥቶ እትዬ መዝገብ ፊት ያስቀምጠዋል። ፋሻውን ያያል። ፊቷን ያያል። እንደገና ፋሻውን ያያል።

"ተጎዳሽ እንዴ? ዛሬውኑ?"

"ትንሽ ነው።"

"አይዞሽ፣ በግራም ቢሆን ሞክሪ። እጠብቅሻለሁ።" ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ካርዱን ትከፍተዋለች።

በመጀመሪያ ዓይኗን አታምንም። የቀያሹ መስመር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል፤ ፕላን ሲሠራ ማስመሪያ የማይፈልገው ቀያሽ! ከሥሩ የጸሐፊዋ ፊደሎች እንደ ሰከረ ሰው አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈዋል። የሕግ ባለሙያው የጻፈውን ገና ሀ ሁ የሚቆጥር ሕፃን እንኳ አይጽፈውም። ንድፍ ሠሪው፣ ግምጃ ቤቱ፣ ሾፌሩ፣ አሥራ አንዱም። "ረጅም ዕድሜ" የሚለው እየተንሸራተተ ወርዶ ከካርዱ ጠርዝ ሊወድቅ ደርሷል።

ቀና ትላለች። ቀያሹ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። የግራ እጁ ጣቶች በቀለም ጠቁረዋል። ጸሐፊዋ የግራ አውራ ጣቷን በሶፍት ትፈትጋለች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ መፈተጉን ታቆማለች።

እነዚህም? ሁሉም? ስንት ደብዳቤ ነው እንግዲህ የተላከው?

"ምን አሳቀሽ?" ይላል ኃላፊው።

"ጋሼን አስቤ ነው። ይናፍቁናል።" ብዕሩን በግራ እጇ ታነሳለች፤ ምላሷን ነክሳ፣ ሳትቸኩል፣ ሦስት መስመር።

ኃላፊው ካርዱን ይወስዳል። መነጽሩን ያደርጋል። ይገለብጠዋል፣ ይመልሰዋል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይጠጋል። ከዚያ ክፍሉን ቃኘት ያደርጋል። አሥራ ሁለት ሰው አቀርቅሮ ይሠራል፤ እንዲህ ተሠርቶበት የማያውቅ ቢሮ ነው።

ካርዱ ላይ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ አለ። ከላይ፣ መጀመሪያ ላይ፣ የራሱ።