አንድ ደቂቃ በመረብ

ርካሹን መኖ የሚበላው ዓሣ ለሙከራ ከውኃው ወጥቶ በመረቡ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንደ ጌታ ተጋደመ። መኖዎቹን የሚፈትነው ባለሙያ ሰዓቱን አየ፣ ዓሣውን አየ፣ ነገሩ ዞረበት። ባሕር ማዶ የተማረው ሌላ ነበር፤ የዓሣ ዘይት ያለበት መኖ የበላ ጭንቀትን ይችላል፣ ርካሹን የቅባት እህል ዘይት የበላ ይዝላል። ዛሬ ግን ውዱን የዓሣ ዘይት ከሚበሉት ሦስቱ መረብ ውስጥ ተንፈራግጠው ሞቱ፤ ከርካሽ በሎቹ አንድም አልሞተ። የዓሣ አርቢዎቹ ማኅበር ደግሞ የዓመቱን መኖ ሊገዛ የእሱን ቃል ይጠብቃል።

«ምነው ፈዘዝክ?» አሉት መኖ በታኟ አክስቱ።

«መሞት የነበረባቸው እነዚህ ናቸው።»

«ሟርተኛ! ርካሹ ስለደረሳቸው አንጀቴን በልተውት፣ ከስተው እንደሆን ብዬ በየማለዳው በመረብ እያወጣሁ አያቸው ነበር እኮ።»

«በየማለዳው?»

«ሦስት ወር ሙሉ! አንድም ቀን አላጓደልኩም።»

ለካ መረቡን ለምደውታል። ያዳናቸው ልማዱ ይሁን ዘይቱ፣ አሁን በምን ይለያል?

«ታዲያ የቱን እንግዛ?» አሉት አክስቱ።

ዓሣውን ወደ ገንዳው መለሰው። ዓሣው አልሸሸም፤ ዳር ላይ ቆሞ የአክስቱን እጅ ይጠብቅ ጀመር። ባለሙያውም መልሱ እዚያ ያለ ይመስል እጃቸውን አየ።