መዥገር

ባለወፍጮው በየማለዳው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቶቹን ያሻል። አንደኛው እሺ ይለዋል፣ ሌላኛው ያንገራግራል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያውን ዓመት ቀን ከወፍጮው ጋር፣ ማለዳ ከብስክሌቱ ጋር ሲታገል ኖሯል። ለትልቁ ውድድር ግን አንድም ጊዜ ተመርጦ አያውቅም። የዘንድሮው ማጣሪያ ቅዳሜ ነው፤ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከርሞ ደግሞ ዕድሜው አይፈቅድለትም።

ሚስቱ ትከሻውን ነካ አድርጋ የውሃ ኮዳውን ሰጠችው።

«ብቻህን እንዳትወጣ» አለችው ፊት ለፊቱ ቆማ። «ልጁን ጠብቀው።»

ልጁ የምትለው ሠላሳ ዓመት የሞላው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስም አለው፤ ባለወፍጮው ግን በሆዱ መዥገር ነው የሚለው። ይኸው አንድ ዓመት ሙሉ ልምምድ በወጣ ቁጥር ከኋላ ጎማው አንድ ክንድ ርቆ ተለጥፎበት ይውላል። ብስክሌት የጋለበ ሰው ያውቀዋል፦ ፊት ያለው ከነፋሱ ጋር ይታገላል፣ ኋላ ያለው በሰው ጀርባ ተከልሎ ያርፋል። ጨዋ ሰዎች ተራ ይገባባሉ። መዥገር ተራ ገብቶ አያውቅም።

«እስቲ ፊት ውጣ» ይለዋል ባለወፍጮው።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል!»

ይሻለዋላ! በሰው ላብ መንፈላሰስ ማን ይጠላል?

ይህም አልበቃ ብሎት ይጮኻል። «መኪና! ጋሼ፣ መኪና! ጠርዙን ያዝ!» ባለወፍጮው ይደነግጣል፣ ጠርዙን ይይዛል፣ መኪናው ሽው ብሎ አቧራ አልብሷቸው ያልፋል። ስንት ደቂቃ የለፋበት ትንፋሽም አብሮ ይበተናል። የመኪና መንገድ ላይ መኪና ቢመጣ ምን ይገርማል? ትንፋሼን ሊያቋርጥ ሆን ብሎ ነው ይላል በልቡ። ባለፈው ዓመት ማጣሪያ ላይም ይኸው ሰው ነው፣ ሃምሳ ሜትር ሲቀር ከጀርባው ወጥቶ የቀደመው። ሁለቱም ሳያልፉ ቀሩ።

ባለወፍጮው ግን የፊተኛን ግዴታ አጓድሎ አያውቅም። ፊት ያለ ሰው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ኋላ ያለው ከፊቱ ጎማ በቀር መንገድ አይታየውምና። የተቦረቦረውን አስፋልት፣ ክዳኑ የጠፋውን የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የጠርሙስ ስባሪውን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሲጠቁምለት ከርሟል።

ሐሙስ ከሥራ ገብቶ ሬዲዮኑን ከፈተ። ሚስቱ እጇን እያደራረቀች መጥታ ድምፁን ቀነሰችው።

«ጎረቤት ግድግዳውን እየደበደበ ሊያፈርሰው ነው እኮ።»

«የድሮ ጎረቤት ቀረ» አለ ባለወፍጮው። «ቆይ፣ ይህን ልጅ ማን ነው የላከብኝ?»

ወደ ልብስ እጥበቷ ዞራ አንድ ነገር አለች።

«ምን?»

ቀና ብላ አየችው። «ሁለት ሆኖ መሄድ ደግ ነው አልኩህ።»

አረጀህ ማለቷ ነው ብሎ ነገሩን በሆዱ ያዘ። ደክሞት ነበር፤ ለመጣላት እንኳ አቅም አልነበረውም።

ቅዳሜ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ዳገቱ ላይ ተንጠባጥበው ቀሩ። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ባለወፍጮው ፊት፣ መዥገር ከኋላው፣ ሁለት ብቻ ሆኑ። ከድልድዩ በፊት ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ አለ። ባለወፍጮው አየው። እጁ በልማድ ከመሪው ተነሣ።

መልሶ አሳረፈው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ጉድጓዱን ለራሱ ብቻ ሸሸው።

ከኋላው አንዳች ነገር አልሰማም። ድልድዩን ተሻግሮ ዞር ሲል ግን ብስክሌቱ ወዲያ፣ ሰውየው ወዲህ ተዘርግተው አየ።

አንደኛ ሆኖ ገባ። መራጩ አሰልጣኝ አቅፎ ብዙ ነገር ነገረው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ዓመት የጠበቀው ደስታ ግን አልመጣም። አፈረ። እጁን ማየት አስጠላው።

እሑድ ሆስፒታል ሄደ። የመዥገር ትከሻ ተጠፍሮ ታስሯል፣ ከንፈሩ አብጧል።

«ጉድጓዱን አላየሁትም» ብሎ ዋሸ ባለወፍጮው።

ወጣቱ በደህና እጁ እጅጌውን ጨምድዶ ይዞ ባበጠ ከንፈሩ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። የዛሬ ሰዎች ሲያወሩ ያጉተመትማሉ፤ ባለወፍጮው እንኳንስ ቃሉን ጫፉንም አልያዘውም። ይቅር ብዬሃለሁ እያለ መሰለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እሺ» አለው። «እሺ ወንድሜ፣ እሺ።»

መዥገር እፎይ ብሎ እጅጌውን ለቀቀ።

ሰኞ ባለወፍጮው ጭቅጭቅ ሽሽት ሚስቱ ሳትነቃ ወጣ። ዳገቱን በቀስታ ጨረሰው፤ ከአናቱ ላይ ቁልቁለቱ ተዘረጋለት። «መኪና!» የሚል የለም፤ ትንፋሽ የሚበትን የለም። ለካ ይህ መንገድ እንዲህ ሰላም ነው! የዓመቱ ድካም ከትከሻው ሲወርድ ተሰማው። አስፋልቱ መሐል ላይ ይለሰልሳልና፣ ጠርዙን ትቶ ወደ መሐል ገባ።

ከኋላው፣ ፍሬን እምቢ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ክላክሱን ለሦስተኛ ጊዜ አስጮኸ።