ቅዳሜ ፎቶ የሚነሱት ሴቶች

ፀገነት ትሮይቪል ሰፈር የተከራየችውን ክፍል በነጭ መጋረጃ ለሁለት ከፍላ ስቱዲዮ አደረገችው። እሷ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጥቁር ትራንስ ሴቶችን ፎቶ ታነሳለች፤ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ፀጉር ሠሪ፣ አንዷ የታክሲ ወረፋ አስከባሪ። ሁሉም ሲወለዱ "ወንድ" የተባሉ ናቸው። እያንዳንዷ የምትወደውን ልብስ ለብሳ ትቀመጣለች፤ ፀገነትም ሳቋ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ያስጨነቋት አከራይዋ ነበሩ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ስድሳን ያለፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው። ባል የላቸውም፤ ከአገር ቤትም የሚጠይቃቸው ዘመድ የለም። ቅዳሜ ሲሆን ወንበራቸውን ደረጃው ሥር ያወጡና የምትመጣዋን ሁሉ ስሟን ይጠይቃሉ። ስሙን ማን እንዳወጣላትም ይጠይቃሉ።

ነርሷ ታንዴካ "ሳውቦና፣ ማ" ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጥታ ስታልፍ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ፀገነት ይህን ከላይ ሆና ተመለከተች። ክፍሉን ልቀቂ ቢሏትስ? ፎቶዎቹ የሚታዩበት ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

ስጋቷን ስትነግራት ታንዴካ ግን ሳቀችባት። አሮጊቷ ከስሟ ሌላ የጠየቋት ጫማዋን የት እንደገዛች ብቻ መሆኑን ነገረቻት። ፀገነት አላመነችም። ሰው ይህን ያህል የሚጠይቀው ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያወራ ነው ብላ አሰበች።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ የዓለምወርቅ የግቢውን በር ቆለፉ። ዛሬ ማንም እንዳይገባ ብለው ለጎረቤት ነገሩና ደረጃውን ይወጡ ጀመር። ፀገነት ኮቴያቸውን ስትሰማ ቁርጡ ደረሰ ብላ መብራቶቿን መንቀል ያዘች።

አሮጊቷ ቀይ ቀሚስ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ተቀብተው ገቡ። ሄደውም መጋረጃው ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ፀገነት ግራ ገባት። ደፈር ብላ፣ የዛሬው ፎቶ ለትራንስ ሴቶች ብቻ እንደሆነ፣ እሳቸውን ግን ሌላ ቀን ደስ ብሏት እንደምታነሳቸው ነገረቻቸው።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ፈገግ አሉ።

"እኔ ስወለድ፣ ልጄ፣ ሰፈሩ እልል ያለው እንደ ሴት ሦስት ጊዜ አይደለም፤ ሰባት ጊዜ ነው።"